ጾሜ ለምን ኪሎ ጨመርኩ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 38 ነው፤ አዲስ አበባ ቢሮ ነው የምሠራው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሁዳዴን በየዓመቱ እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ። ዘንድሮ ጾሙ ሲገባ 74 ኪሎ ነበርኩ። በሰሙነ ሕማማት ስመዘን 77 ሆኛለሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ቁርስ የለ፤ ታዲያ ይሄ ኪሎ ከየት መጣ? የምንበላው ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ለልጆቹ ብዬ ሳምቡሳና ፓስታ እሠራለሁ። የዘይቱ ነገር ደግሞ ኪሴን አራቆተው፤ 5 ሊትሩ ለአራታችን ከሦስት ሳምንት አያልፍም። አሁን ፍልሰታ እየደረሰ ነው። ጓደኛዬ 15ቱን ቀን የሱፍ ውኃና ሎሚ ብቻ ከጠጣሽ 10 ኪሎ ትቀንሻለሽ አለችኝ። እውነት ይሆናል? ባለቤቴም የስኳር ክኒን እየወሰደ አብሮኝ ይጾማል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ እያልኩ ብጽፍልሽ ቅር እንዳይልሽ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ይሸማቀቃል። «ጾሜ ወፈርኩ» ካልኩ ተደብቃ ስትበላ ነው ይሉኛል ብሎ ይሰጋል። አንቺ ግን ቁጥሩን ሳትደብቂ ጽፈሽልኛል። በዝርዝር ልመልስልሽ የቻልኩትም ለዚህ ነው።

በጾም ኪሎ መጨመር የሚያጋጥም ነገር ነው። ከፋሲካ በኋላ ወደ እኔ ከሚመጡት ብዙዎቹ ይህንኑ ይሉኛል። ጾሙ የሚለየው የምግቡን ዓይነትና ሰዓቱን ነው። ማዕዱ ላይ ስንት እንጀራ እንደሚቀርብ፣ ድስቱ ውስጥ ስንት ማንኪያ ዘይት እንደሚገባ የሚወስነው ግን ቤተሰቡ ነው። ሰውነታችን ደግሞ የሚቆጥረው እሱን ነው።

እስቲ የጻፍሽልኝን ቁጥር አብረን እናስላው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ካሎሪ ማለት ምግብ የሚሰጠን ጉልበት መለኪያ ነው። 3 ኪሎ 23,100 ካሎሪ ይሆናል። ይህን ጾሙ ከገባበት እስከ ሕማማት ላለው 50 ቀን ስናካፍለው በቀን 460 ካሎሪ ገደማ ይመጣል። ሰውነትሽ ከሚያስፈልገው በላይ በየቀኑ ይህን ያህል አግኝቷል ማለት ነው። ከጨመርሽው ውስጥ ጨው የያዘው ውኃም ይኖርበታል፤ ስለዚህ ስሌቱ የግምት ነው።

አሁን ወደ ዘይቱ እንሂድ። 5 ሊትር ዘይት ለ4 ሰው፣ ለ21 ቀን። ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 60 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ይህ 4 የሾርባ ማንኪያ ነው። አንዱ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ አለው። አራቱ 480! ከላይ ካገኘነው 460 ጋር አስተያዪው።

ይህን ያልኩሽ ጥፋቱ የዘይት ብቻ ነው ለማለት አይደለም። እንጀራውም፣ ሻዩም፣ ሳምቡሳውም ድርሻ አላቸው። ግን ከሁሉም ትልቁ ዘይቱ ነው። ከሁሉም የማይታየውም እሱ ነው። ሁለት እንጀራ ከበላሽ ታውቂዋለሽ። አራት ማንኪያ ዘይት ግን ወጥ ውስጥ ገብቶ፣ እንጀራ ውስጥ ሰርጎ ያልፋል። ሆድም አይሞላም። ዓይነቱን መቀየርም እዚህ ላይ አይረዳሽም። የኑግ፣ የሱፍ፣ የወይራ፣ የፓልም ዘይት ለልብ ጤና ይለያያሉ፤ ካሎሪያቸው ግን ያው ነው።

ለምን እንደሚበዛብን ይገባኛል። በጾም ቅቤ የለም። እኛ ደግሞ ወዝ የሌለው ወጥ አንወድም። በእንግዳ ፊት ዘይቱ ያልወጣ ምስር ወጥ ማቅረብ እንደ ንፉግነት ይታያል። ስለዚህ የቅቤውን ጉድለት በዘይት እንሞላዋለን፤ ሳናውቀው እናስበልጠዋለን። እኔ ባደግኩበት ቤት ዘይት የሚገዛው በትንሽ ጠርሙስ ነበር። እናቴ ወጥ ላይ ጠብ የምታደርገው በማንኪያ ነበር። ዛሬ ከጀሪካኑ በቀጥታ ወደ ድስቱ ነው። ትልቁ ለውጥ የመጣው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ደስ የሚለው ነገር መፍትሔው ከራሳችን ወጥ ቤት መገኘቱ ነው። የድሮ ባለሙያ ሴቶች ሽንኩርት የሚያቁላሉት ያለ ዘይት ነው። ሽንኩርቱን ደቀቅ አድርገሽ ክተፊ። ደረቅ ድስት ላይ ጨምሪው፤ እሳቱን መካከለኛ አድርጊ። ሽንኩርት አብዛኛው ውኃ ነው፤ ጨው ጣል ካደረግሽበት ውኃውን ራሱ ያወጣል። ሊይዝ ሲል ትንሽ ትንሽ ሙቅ ውኃ ጠብ እያደረግሽ አማስይው። 15 ወይም 20 ደቂቃ ታገሺው። ሽንኩርቱ ይልምና ወርቃማ ይሆናል፤ ይጣፍጣል። ከዚያ በኋላ ነው ዘይት የሚገባው። በማንኪያ ለክተሽ፣ ከበርበሬው ጋር አንድ ላይ።

ከበርበሬው ጋር ያልኩሽ በምክንያት ነው። የበርበሬ ቀለምና አብዛኛው መዓዛው በስብ እንጂ በውኃ በደንብ አይሟሟም። ዘይቱ ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለሽንኩርቱ የፈሰሰው ዘይት ለጣዕሙ ይህን ያህል አይጠቅምም፤ በውኃም ይበስላል። ለበርበሬው ግን ትንሽ ዘይት በቂ ነው፤ ቀለሙንም ጣዕሙንም ያወጣዋል። ለአራት ሰው ወጥ 3 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ መጨረሻ ላይ መከለሻውን አትሰስቺ። ዘይት ሲቀንስ ቅመም ነው የሚክሰው።

ሽሮም እንደዚያው። ቁሌቱን በውኃ ሥሪው። ሽሮውን በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠሽ ጨምሪው፤ እሳቱን ቀንሰሽ በደንብ ይንተክተክ። በደንብ የበሰለ ሽሮ ራሱ ይወፍራል፤ ዘይት የለበትም ብሎ የሚያውቅብሽ ሰው የለም። ጎመኑን ቀቅለሽ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ አንድ ማንኪያ ዘይት ብቻ አሳዪው። ዘይት ጨርሶ የማያስፈልጋቸው የጾም ምግቦችም አሉን። አዚፋን አስቢው። የተቀቀለ ድፍን ምስር፣ ሰናፍጭ፣ ሎሚ፣ ቃሪያ። ስልጆም አለ። ንፍሮም። እነዚህን ከገበታችን እያራቅን ያለነው በምን ምክንያት እንደሆነ አላውቅም፤ ባየኋቸው ቁጥር ግን ደስ ይለኛል።

ንፍሮን ካነሳሁ አይቀር ስለ ቆሎ ልንገርሽ። ሁለቱም ያው እህል ነው። ልዩነቱ ውኃው ነው። 100 ግራም የገብስ ቆሎ ከ350 ካሎሪ አያንስም። ቢሮ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ እየዘገንሽ ከሠራሽ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ሲያልቅ አይታወቅሽም። ንፍሮ ግን ውኃ ጠጥቶ ያበጠ ነው፤ ግማሹን ያህል ሳትበዪ ትጠግቢያለሽ። ቆሎ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ከብስኩት ሺህ ጊዜ ይሻላል። ግን በእፍኝ ቆጥረሽ ብዪው።

የቅዳሜና እሁዱን ሳምቡሳ በሙሉ አትከልክዪ። ልጆቹም ደስታ ያስፈልጋቸዋል። ዘይት ውስጥ የሚጠበስ ነገር በሳምንት አንድ ጊዜ ይሁን። ጠዋት ፓስቲ፣ ከሰዓት ሳምቡሳ፣ ማታ ችፕስ የሆነበት ቤት ግን የጾም ቤት ቢሆንም ዘይቱ ከፍስክ ይበልጣል።

አሁን እንጀራ። ጤፍ አያወፍርም የሚል ወሬ አለ። የጤፍ ዱቄት ካሎሪው ከስንዴው እምብዛም አይለይም። እንጀራ የሚሻለው ከግማሽ በላይ ውኃ ስለሆነ ነው። 100 ግራሙ 150 ካሎሪ አካባቢ ነው። ቤትሽ የሚገባውን እንጀራ አንድ ቀን በሚዛን መዝኚው። 300 ግራም ከሆነ አንዱ 450 ካሎሪ ነው ማለት ነው። ለአንድ ማዕድ አንድ ይበቃሻል። ድንችም ሩዝም ፓስታም ያው የእንጀራ ወገን ናቸው። አንዱ ከተጨመረ ሌላው ይቀነስ።

እዚህ ላይ ብዙ የአመጋገብ ባለሙያዎች «የራስህን ሳህን ለይተህ ብላ» ይላሉ። እኔ አልልም። ከአንድ ትሪ አብሮ መብላት ለቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው፤ ለኪሎ ብዬ አላስፈርሰውም። ይልቅ እንዲህ አድርጊ። የተጠቀለለውን እንጀራ አራት አራት ቦታ ቆርጠሽ አቅርቢ፤ የየሰዉን ቁጥር ማወቅ ይቀላል። ወጡን ከትሪው መሐል ከማፍሰስ በየፊቱ በጭልፋ አድርጊ። ከሥር የተነጠፈው እንጀራ ዘይቱን ሁሉ የሚጠጣው እሱ ነው። ጣፋጭ መሆኑን አውቃለሁ። ስትጠግቢ እሱን ማንሳት ተዪ። ጉርሻ ግን አትከልክዪም፣ አትከለከዪምም።

9 ሰዓት ላይ ያለው ነገር ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ከሌሊት ጀምሮ የቆየ ሆድ ይዘሽ ቢሮ አጠገብ በያይነቱ ታዝዣለሽ ብዬ ልገምት። ረኃብ ሲበረታ ሰው በፍጥነት ነው የሚበላው። የመጥገብ ስሜት ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። መጀመሪያ ውኃ ጠጪ። ቀጥሎ ጎመኑን፣ ሰላጣውን፣ አዚፋውን ብዪ። ምስሩና ሽሮው ይከተል። ጭማሪ እንጀራ ከመጠየቅሽ በፊት ትንሽ ቆዪ። ብዙ ጊዜ አያስፈልግሽም።

ከዚያ ቤት ስትደርሺ ሻይ በዳቦ አለ አይደል? በአንድ ሲኒ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የምትጨምሪ ከሆነና በቀን አራት ሲኒ ከጠጣሽ፣ 12 ማንኪያ ነው። ወደ 200 ካሎሪ። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር ከቀኑ ምግብ ከ10 በመቶ እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። ለአንቺ 5 በመቶው 6 የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። በአንድ ጊዜ አታቋርጪ። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስሽ ሂጂ፤ ምላስ ይለምዳል። ለስላሳ መጠጡን ግን ተዪው። በአንዱ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ።

ጓደኛሽ ወዳለችው 10 ኪሎ ልምጣ። በቅንነት እንደመከረችሽ አልጠራጠርም። ግን አይሆንም። 10 ኪሎ ስብ 77,000 ካሎሪ ነው። ሰውነትሽ በቀን የሚያቃጥለው ወደ 2,000 ቢሆን ነው። 15 ቀን ሙሉ ምንም ባትቀምሺ እንኳ 30,000 ነው፤ 4 ኪሎ ስብ አይሞላም። ሚዛኑ ከዚያ በላይ ወርዶ ብታዪ የወረደው ውኃና ጡንቻ ነው። ውኃው በሁለት ቀን ይመለሳል። ጡንቻው ግን ቶሎ አይመለስም። ጡንቻ ሲያንስ ደግሞ ሰውነት የሚያቃጥለው ይቀንሳል፤ በሚቀጥለው ጊዜ መቀነስ ይከብድሻል። የሱፍ ውኃም ባዶ ውኃ አይደለም። ሱፍ የዘይት እህል ነው፤ ሲወቀጥና ሲጠለል ነጭ የሚሆነው ዘይቱ ውኃው ውስጥ ስለሚበተን ነው። ከፍትፍት ጋር ተስማሚ ምግብ ነው። 15 ቀን የሚያኖር ግን አይደለም። «የቦርጭ ማጥፊያ» እየተባለ የሚሸጠው ሻይም ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጥ ቅጠል አለበት። የሚወጣው ውኃ ነው። አትንኪው።

እስከ 9 ሰዓት መቆየቱ ብቻውን አያከሳም ወይ ብለሽ ታስቢ ይሆናል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2022 የወጣ አንድ ጥናት ለዚህ ጥሩ መልስ አለው። በቻይና ጓንግዡ ከተማ ተመራማሪዎች 139 ወፍራም ሰዎችን ለ12 ወር ተከታተሉ። ሁሉም ካሎሪያቸውን እኩል ቀነሱ። ግማሾቹ በቀን በ8 ሰዓት ውስጥ ብቻ እንዲበሉ ተደረገ፤ ግማሾቹ በፈለጉት ሰዓት። ሁለቱም ቡድኖች ቀነሱ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ትርጉም ያለው ሆኖ አልተገኘም። ሰዓቱ የሚረዳው መጠኑን ከቀነሰልሽ ብቻ ነው።

ለአንቺ የምመኘው ዒላማ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ነው። አሁን ባለሽበት 77 ኪሎና በቁመትሽ ስናሰላው «ከልክ ያለፈ ውፍረት» የሚባለው ወሰን ላይ ነሽ። ከክብደትሽ 5 በመቶ፣ ማለትም 4 ኪሎ ብትቀንሺ ለደም ግፊትም ለስኳርም ለውጥ ይታያል። ሁለት ወር ያህል ይፈጃል። ፍልሰታን የመነሻው ጊዜ አድርጊው። ዘይቱን በግማሽ ብቻ ብትቀንሺ በቀን 240 ካሎሪ ነው፤ በ15 ቀን ግማሽ ኪሎ ገደማ። ትንሽ ይመስላል። ግን ከነሐሴ 16 በኋላም የሚቀጥል ነገር ነው። ረቡዕና ዓርቡ፣ ጽጌው፣ የነቢያት ጾም ሁሉ ከፊትሽ ናቸው።

በዚህ መሐል ጡንቻሽ እንዳይጎዳ በሁለቱም ማዕድ ጥራጥሬ ይኑር። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር። አትክልት ብቻ በልተሽ አትቆዪ። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር አይሁን፤ ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር ሰውነት እንዳይወስደው ያግዳሉ። አንድ ሰዓት አሳልፈሽ ጠጪ። ሎሚና ቃሪያ ግን በተቃራኒው ያግዙታል። በሳምንት 150 ደቂቃ ደግሞ ተራመጂ። ለቅዳሴ ወደ ቤተ ክርስቲያን በእግርሽ ሄደሽ በእግርሽ ከተመለስሽ ግማሹን አገኘሽው።

የባለቤትሽ ጉዳይ ከኪሎው ሁሉ በላይ ያሳስበኛል። የሚወስደው ክኒን ስም ወሳኝ ነው። ሜትፎርሚን ብቻ ከሆነ ስኳሩ ከመጠን በታች የመውረድ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን ከሆነ ግን በባዶ ሆድ እስከ 9 ሰዓት መቆየት አደገኛ ሊሆን ይችላል። ፍልሰታ ሳይገባ ሐኪሙ ጋ ይሂድ፤ የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን መስተካከል አለበት። በራሱ አያቋርጥ። ላብ ካላበው፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ግራ ከተጋባ ወይም ስኳሩ ከ70 በታች ካነበበ ሰዓት አይጠብቅ። ወዲያው 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ይጠጣ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አታድርጊ፤ ወደ ሕክምና ውሰጂው። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው አታስገድድም። የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ብዙ አባቶች ሰዓቱን እንዲያሳጥር ይፈቅዳሉ። እኔ እንደ ባለሙያ ከእነሱ ጋር ተነጋግሬ ያልተግባባሁበት ጊዜ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ከሙያዬ ሳይሆን ከልቤ ነው። ፍልሰታን ለኪሎ ብለሽ አትጹሚ። እንዳለ ለእመቤታችን ጹሚው። ወጡን ግን በልክ ሥሪው። ሁለቱ አይጋጩም። በየቀኑ ሚዛን ላይ የምትወጪ ከሆነ ጾሙም አይጣፍጥሽም፤ ሚዛኑም በውኃ ምክንያት ከፍ ዝቅ እያለ ያናድድሻል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ከሽንት ቤት መልስ ተመዘኚ። ያ ይበቃል።

ነሐሴ 16 ቀን ደግሞ ዶሮው ሲቀርብ በአንዴ አትጀምሪው። 15 ቀን ቅቤ ያልቀመሰ ሆድ በአንድ ጊዜ ሲጫንበት ይታመማል። በትንሹ ቅመሺ፤ ዶሮው የትም አይሄድም።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ሥራ ልስጥሽ። ነሐሴ 1 ቀን አዲሱን 5 ሊትር ዘይት ስትከፍቺ በጀሪካኑ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አስምሪበት። ከጀሪካን በቀጥታ አታፍስሺ፤ ትንሽ ጠርሙስ ሞልተሽ ከእሱ በማንኪያ ቅጂ። ነሐሴ 16 ጠዋት ዘይቱ የደረሰበት ላይ ሁለተኛ መስመር አስምሪ። በአራት ሰው በ15 ቀን ከ2 ሊትር በታች ከወረደ ደህና ሄደሻል። የወረደውን መጠንና የባለቤትሽን የክኒን ስም ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ከዚያ ለጽጌ ምን እንደምታደርጊ እንነጋገራለን።